ገባሁ

በቫልፓራይሶ ለደስታ ይወረዳል፣
ለእንቅልፍ ግን ይወጣል።
ወደቡ ከታች ነው፤ መጠጡ፣ ዘፈኑ፤
ቤታችን እላይ ነው፣ ከገደሉ ጎኑ።

የሱኒልዳ ልደት። አርባ ሰባት ሞላት፤
"ሠላሳ!" ብላ ስትጮህ ማን ከለከላት?
ቀኑን ሙሉ ዓሣ ሲያሽግ የዋለ እጃችን
ሽቶ አይሸፍነውም፤ ያው ነው ጠረናችን።
ቢሆንም ጨፈርን።
ኤልሲራ ሒሳቡን ለአራት አካፈለችው፤
ዝም አልን። ቆየችና ለሦስት አስተካከለችው።

አራተኛዋ ሮሳልባ ነበረች።
የዛሬ ሁለት ዓመት፣ ከዚሁ መጠጥ ቤት አብራን ወጥታ፣
"ደህና እደሩ" ብላን ሄደች በጥጉ ታጥፋ።
እኛ ደህና አደርን።

ከዚያ ወዲህ ሕግ አለን፤ አጭር ናት፣ አንድ ቃል፤
ጫማ ሳይወልቅ በፊት ይጻፋል፣ ይላካል፦
"ገባሁ።"

አደባባዩ ላይ ሦስት መንገድ ሆንን።
"ደህና እደሩ" አልኩኝ። ሳላስበው። ሄድን።

ሽቅብ የሚያወጣን አሮጌ አሳንሰር
ሲመሽ ተዘግቷል፤ ያለኝ የራሴ እግር።
ሁለት መቶ ደረጃ፤ ዐሥራ ስድስት ትርፍ፤
ሰክሬም አውቃቸዋለሁ፣ የቱ ላይ እንደማርፍ።
ቁልፌን በጣቶቼ መሃል ሰክቼ፣
እንደ ድመት ጥፍር ስለቱን አውጥቼ።
አንድ ጥቁር ውሻ፣ የማንም ያልሆነ፣
ከዳቦ ቤቱ ደጅ ተነሥቶ አብሮኝ ሆነ።
ስቆም ይቆማል፤ ስሄድ ይቀድመኛል፤
"ደመወዝ የለኝም" ስለው ዞሮ ያየኛል።

ከኋላዬ ኮቴ። ሰማንያኛው ላይ።
ልቤ አፌ ደረሰ። አልዞርኩም፣ እንዳላይ።
ሰውየው ሳል ሳል አለ፤ ስልኩን አውጥቶ
"እማዬ፣ መጣሁ!" አለ፣ ድምፁን አጉልቶ፤
ከዚያም ቆመልኝ፣ ርቀት ሰጥቶ።
በዚያ ሰዓት እናት ስልክ ይዛ አታወራም፤
ኋላ ዞር ስል አየሁ፤ ስልኩ እንኳ አልበራም።

ቁልፉን ሁለቴ ዞርኩት። በሩን በወንበር ደገፍኩ።
ከነጫማዬ፣ በአንድ ጣት፣ "ገባሁ" ብዬ ጻፍኩ።

ጠበቅሁ።

ሱኒልዳ፣ ዝም። ኤልሲራ፣ ዝም።
ዘጠኝ ሰዓት ሞላ። አንዳቸውም አልጻፉም።
መጀመሪያ ተቆጣሁ፦ "ትራስ አግኝተው ነው፤
እኔን ማን አስቦኝ!"
ከዚያ ቁጣው ሄደ፣ ሌላ ነገር ከቦኝ፦
የሱኒልዳ ቀይ ኮት፣ ሰው የሌለበት፣
ደረጃ ላይ ወድቆ ካፊያ ሲያርፍበት።
"ደህና እደሩ" ያልኩት እኔ ነበርኩ ማታ፤
እሷ እንዳለችው፣ ቃል በቃል፣ በዚያው ቦታ።

ዐሥር ሰዓት ሲል በሩ ተደበደበ፤
"ማነው?" ለማለት እንኳ ድምፄ አልተሰበሰበ።

ሁለቱ ቆመዋል።
ኤልሲራ በባዶ እግሯ፣ ጫማዋ ከእጇ ነው፤
ሱኒልዳ ከሌሊት ልብሷ ላይ ቀይ ኮቷን ደርባው፣
በቀኟ የዓሣ ቢላ፣ ከሥራ ቦታ የሰረቀችው።
መሃላቸው ያ ጥቁር ውሻ፣ ምላሱን አንጠልጥሎ።

በጥፊ አለችኝ። ወዲያው አቀፈችኝ።
"ለምን አልጻፍሽም?" እያለች አለቀሰችብኝ።
"ጻፍኩ እኮ!" ብዬ ስልኬን አሳየኋት፤
ከቃሉ ጎን ቀይ ነጥብ፤ አልተላከም። ታየኝ እኔም ያኔ ሳሳያት።
ካርዴ አልቆ ኖሯል። የእኔ አልወጣም፤ የእነሱም አልመጣልኝ።
ጠፉ ብዬ ስብከነከን፣ የጠፋሁት እኔ ነኝ።

"እና፣ አሁን ገባሽ?" አለች ኤልሲራ፣ እግሯን እያሻሸች።
"ገባሁ" አልኳት።
ቆይቶ፣ ውሃውን ስጥድላቸው፣
ገባኝ።

አልጋዬ የአንድ ሰው ናት፤ ሦስት ሆነን ተኛንባት።
"እናንተንስ አሁን ማን ሊሸኛችሁ ነው?" ብላት፣
ሱኒልዳ ዓይኗን ጨፍና "ውሻው" አለች፤
እንደ በረዶ የቀዘቀዘ እግሯን ከእግሬ ሥር ከተተች።

ከወደቡ አንድ መርከብ ጮኸ። ጨረቃም ገባች።
ከአልጋው ጠርዝ በኩል አንዲት ስንዝር ቦታ ተርፋ ነበር፤
ማንም አልተንፏቀቀባት።